የመጠበቅ ዋጋ፤ የኮንቴይነር ሹፌሮች ክፍያና ፈቃድ በታሪክ ሚዛን

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ)



የዛሬው ርእስ ሲለጠፍ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የታሪክ መምህር ከተሳቢ ጋር ምን አገናኘው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ለእኔ ከቤተ መዛግብት በፊት ከቤተሰብ ይጀምራል። ያሳደጉኝ አጎቴ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። በጡረታ ዘመናቸው ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው ስለ አፋር በረሃ ሙቀትም ሆነ ስለ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ብዙ አያወሩም ነበር። ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ያስረጀኝ መንዳቱ አይደለም፤ መጠበቁ ነው።» ወደብ በር ላይ ይጠብቃሉ፤ ኬላ ላይ ይጠብቃሉ፤ መጋዘን ደጃፍ ላይ ይጠብቃሉ። የሚከፈላቸው ግን በምልልስ ነበር። መኪናው ሲቆም ሂሳቡም ይቆማል።

ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ የአንድ ሰው ምሬት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ኋላ ግን የወደቦችን ታሪክ ሳጠና አንድ አስገራሚ አለመመጣጠን አስተዋልኩ። ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ቀን በላይ ወደብ ላይ ከቆየ ባለቤቱ ይቀጣል፤ ነጋዴዎቻችን «ዲመሬጅ» የሚሉት ክፍያ እንደ ጥላ ይከተላቸዋል። የብረት ሣጥን የሚጠብቅበት ጊዜ ዋጋ አለው፤ በውል ተጽፏል፤ በውጭ ምንዛሪ ይሰላል። ሣጥኑን ለመጫን ተሰልፎ የሚያድረው ሰው የሚጠብቅበት ጊዜ ግን በአብዛኛው የዓለም ወደቦች ለብዙ አሠርት ዓመታት ዋጋ አልነበረውም።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ሁለት ጥያቄዎችን ይከተላል። የመጀመሪያው፣ የሹፌሩ ክፍያ የሚለካው በምንድን ነው? በምልልስ ወይስ በሰዓት? ሁለተኛው፣ ፈቃድ የሚባለው ነገር የሚያስረው ማንን ነው? ሹፌሩን ወይስ አሠሪውን? ሁለቱ ጥያቄዎች በተለያዩ ሕጎች ውስጥ ለየብቻ ሲኖሩ ቆይተው፣ በካናዳዋ የቫንኩቨር ወደብ በአንድ ሕግ ውስጥ ተገናኙ። የዚያ መገናኘት ታሪክ የዛሬው ዋና ጉዳዬ ነው። የማነሣቸው ዓመታት፣ ካላመለከትኩ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሣጥኑና በሩ

የኮንቴይነር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከኤፕሪል 26 ቀን 1956 ነው። በዚያ ዕለት «አይዲያል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 ሣጥኖች ጭና ከኒው ጀርሲዋ ኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ተነሣች። የሐሳቡ ባለቤት ማልኮም ማክሊን የመርከብ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን በሰሜን ካሮላይና በሹፌርነት የጀመረ የጭነት መኪና ባለሀብት ነበር። ማክሊን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተረከው ሐሳቡ የመጣለት በ1937 ጥጥ ጭኖ ወደብ ላይ ሙሉ ቀን ተራ ሲጠብቅ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ማርክ ሌቪንሰን ይህን ትረካ በጥርጣሬ ይመለከተዋል፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተነገረ የመነሻ ታሪክ ነውና ተማሪዎቼም እንዲሁ በጥንቃቄ እንዲያዩት እመክራለሁ። ሆኖም ትረካው እውነት ባይሆንም ትርጉም አለው። ዘመናዊው የወደብ ሥርዓት ስለ ራሱ ልደት የሚናገረው ታሪክ የአንድ ሹፌር የመጠበቅ ታሪክ ነው።

የሣጥኑ ጥቅም በቁጥር ሲታይ አስደናቂ ነበር። በ1956 ልቅ ጭነትን በሰው ጉልበት ወደ መርከብ መጫን በቶን ከ5.80 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር፤ በአይዲያል ኤክስ ግን ወጪው ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ይህ ትርፍ ለማን ደረሰ?

በወደቡ አጥር ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ድርሻቸውን ጠየቁ፤ አገኙም። በ1960 በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የነበረው የወደብ ሠራተኞች ማኅበር፣ በሃሪ ብሪጅስ መሪነት፣ ከአሠሪዎች ጋር ታሪካዊ ስምምነት ፈረመ። ማኅበሩ ማሽኑን አልቃወምም አለ፤ በምላሹ ለነባር ሠራተኞች የገቢ ዋስትናና የጡረታ ጥቅም ተቀበለ። ስምምነቱ ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ይሁንና የቴክኖሎጂን ትርፍ በድርድር የመካፈል ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

ከአጥሩ ውጭ የነበረው ሹፌር ግን የዚህ ስምምነት አካል አልነበረም። በአንድ በር፣ በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ሰዓት የሚገናኙ ሁለት ሠራተኞች በሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ይተዳደሩ ጀመር። ክሬን የሚያንቀሳቅሰው በሰዓት ይከፈለዋል፤ ክሬኑ ቢዘገይም ደመወዙ አይጎድልም። ከክሬኑ ሥር የቆመው ሹፌር የሚከፈለው በምልልስ ከሆነ ግን የመዘግየቱን ዕዳ የሚሸከመው እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የዚህ አንድ እውነታ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

ሕግ የሰጠውን ሕግ ሲወስድ

ሹፌሩ ሁልጊዜ ያለ ከለላ ነበር ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የ1935ቱ የሞተር ትራንስፖርት ሕግ በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚሠራውን የጭነት ንግድ በፌዴራል ኮሚሽን ቁጥጥር ሥር አዋለው። ወደ ሥራው ለመግባት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ታሪፍም ይመዘገብ ነበር። ፈቃዱ የሚያስረው ኩባንያውን እንደነበር ልብ በሉ። ዋጋ በዘፈቀደ መስበር ስለማይቻል ለደመወዝ የሚሆን ቦታ ነበር። በ1964 ጂሚ ሆፋ የመሩት የሹፌሮች ማኅበር መላውን አገር የሚሸፍን አንድ የኅብረት ስምምነት ሲያስፈርም፣ ከስምምነቱ ጀርባ የቆመው የሠራተኛው ኅብረት ብቻ ሳይሆን የተረጋጋው ታሪፍም ጭምር ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ግን አንድ ስንጥቅ ነበር። የ1938ቱ የሥራ ሁኔታ ሕግ ዝቅተኛ ደመወዝንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሲደነግግ፣ በፌዴራል የትራንስፖርት ቁጥጥር ሥር ያሉ ሹፌሮችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ አደረጋቸው። የተሰጠው ምክንያት የሥራ ሰዓታቸውን ሌላ አካል ለደኅንነት ሲባል ይቆጣጠራል የሚል ነበር። ስለዚህ ሹፌሩ ምን ያህል ሰዓት መሥራት እንደሚችል የሚወስን ሕግ ነበረው፤ ለተጨማሪው ሰዓት ምን ያህል እንደሚከፈለው የሚወስን ሕግ ግን አልነበረውም።

ማኅበሩ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ስንጥቁ አልታየም። በጁላይ 1 ቀን 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት አዲስ ሕግ ገበያውን ክፍት አደረገ። ካናዳም በ1987 ባወጣችውና በ1988 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች። ዓላማው የማጓጓዣ ዋጋን ዝቅ ማድረግ ነበር፤ ዋጋውም ወረደ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከወረደው ዋጋ የተወሰነው ክፍል ከሹፌሩ ኪስ ነበር የወጣው። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ቤልዘር በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ መኪኖቹን በጎማ ላይ ከሚሽከረከሩ የጉልበት ብዝበዛ ጎጆዎች ጋር ያመሳሰለው ስለዚህ ነው።

ለውጡ ጎልቶ የታየው በወደቦች አካባቢ ነው። የወደብ ጭነት አጭር ርቀት ነው፤ ያረጀ መኪናም ይሠራዋል፤ ለመግባት የሚያስፈልገው ካፒታል ትንሽ ነው። ኩባንያዎች መኪናና ደመወዝ ከመያዝ ይልቅ የራሱን መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው መቅጠርን መረጡ። እርሱም በውል ላይ «ሥራ ፈጣሪ» ተባለ። የመኪናውን ዕዳ፣ ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጎማውን ይችላል፤ ዋጋውን ግን አይወስንም። ሥራ ፈጣሪ ስለተባለም በብዙ ቦታ የኅብረት ድርድር መብት አጣ፤ ከጓደኞቹ ጋር ስለ ዋጋ ቢመክር በነጋዴዎች መካከል እንደሚደረግ የዋጋ ሤራ ሊቆጠርበት ቻለ።

ሹፌሩን የሚያስር ፈቃድ

በዚሁ ዘመን ፈቃድ የሚባለው ነገር አልጠፋም፤ ከኩባንያው ትከሻ ወርዶ በሹፌሩ ትከሻ ላይ አረፈ እንጂ። በአሜሪካ የ1986ቱ የንግድ ተሽከርካሪዎች ደኅንነት ሕግ የከባድ መኪና ሹፌሮች በአንድ ወጥ መመዘኛ እንዲፈተኑ ደነገገ፤ ከኤፕሪል 1992 ጀምሮ ያለዚህ መንጃ ፈቃድ መንዳት ተከለከለ። በ1991 የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ምርመራ ተጨመረ። ከመስከረሙ የ2001 ጥቃት በኋላ ደግሞ ያለአጃቢ ወደ ወደብ ለመግባት የጀርባ ታሪክ ተጠንቶ የሚሰጥ የመታወቂያ ካርድ አስፈለገ፤ ካርዱ ከ2007 ጀምሮ መሰጠት ጀመረ።

እያንዳንዱ መስፈርት በራሱ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። አርባ ቶን የሚመዝን መኪና የሚነዳ ሰው መፈተኑን የሚቃወም ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን የሰነዶቹን ድምር ስናይ አንድ አቅጣጫ ብቻ እናገኛለን። ግዴታው፣ ወጪውና ቅጣቱ የሹፌሩ ነው። ከሰነዶቹ መካከል አንዱም «ይህን ሁሉ ያሟላ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ይከፈለው» አይልም። ለደኅንነት ሲባል የወጣ ፈቃድ፣ የደኅንነት ዋነኛ ጠላት የሆነውን ድካም ከምንጩ አልነካውም። በምልልስ የሚከፈለው ሰው በሰልፍ ያባከናቸውን ሰዓታት የሚያካክሰው በፍጥነት ወይም በእንቅልፍ ነውና።

ቫንኩቨር፤ ሦስት አድማ፣ አንድ ሕግ

አሁን ወደ ቫንኩቨር ልውሰዳችሁ። ቫንኩቨር የካናዳ ትልቁ ወደብ ነው። የኮንቴይነር ሹፌሮቹ በብዛት ከደቡብ እስያ፣ በተለይም ከፑንጃብ፣ የመጡ ስደተኞችና ልጆቻቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1999፣ በ2005 እና በ2014 ሥራ አቁመዋል። ሦስቱም አድማዎች ያነሡት ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነበር፦ ረጅም ሰልፍና የሚሰበር ዋጋ።

ከ1999ኙ አድማ በኋላ ወደቡ ወደ ግቢው የሚገቡ መኪኖችን በፈቃድ መመዝገብ ጀመረ። ይህ ግን ዋጋ መስበርን አላስቆመም። በ2005 ወደ 1,000 የሚጠጉ ሹፌሮች ለስድስት ሳምንታት ያህል መኪናቸውን አቆሙ፤ ኮንቴይነር እንደ ግንብ ተከመረ። ቪንስ ሬዲ የተባሉ ታዋቂ የሥራ ክርክር አስታራቂ ተሰይመው የምልልስ ዋጋ ዝርዝር ያለበት ስምምነት ቀረበ። የፌዴራሉ መንግሥትም ወደ ወደቡ የሚገባ መኪና ፈቃድ እንዲኖረው አዘዘ። በወረቀት ላይ ሲታይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። ወደቡ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሠራተኛ ጉዳይ ግን በአብዛኛው የክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ነው። በሩን የያዘው አካል ደመወዝ የማስከበር ሥልጣን አልነበረውም፤ ደመወዝ የሚመለከተው አካል በሩን አልያዘም። በዚህ ክፍተት መካከል ኩባንያዎች ከተፈረመው ዋጋ በታች መክፈል ቀጠሉ። ከዝርዝሩ በታች ለመሥራት እምቢ ያለ ሹፌር በማግሥቱ ጭነት አይደርሰውም። ሕጉ ነበር፤ ሕጉን የጠየቀ ግን ሥራውን ያጣ ነበር።

በ2014 ክረምት ማብቂያ አድማው ሦስተኛ ጊዜ ፈነዳ። በማኅበር ያልታቀፉ ባለመኪናዎች ቀድመው ወጡ፤ የዩኒፎር ማኅበር አባላት ተከተሏቸው። ክፍለ ግዛቱ ሹፌሮቹን ወደ ሥራ የሚመልስ ሕግ አቀረበ። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ግን በማርች 26 የፌዴራሉ መንግሥት፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥትና የሹፌሮቹ ወኪሎች 15 ነጥቦች ያሉት የጋራ የድርጊት ዕቅድ ላይ ተስማሙ። የምልልስ ዋጋ ከቀድሞው የሬዲ ዝርዝር በ12 በመቶ እንዲያድግ፣ በሰዓት ለሚቀጠሩት ቢያንስ 25.13 የካናዳ ዶላር መነሻ ክፍያ እንዲኖር፣ በተርሚናል በር ከ90 ደቂቃ በላይ ለሚጠብቅ ሹፌር ካሣ እንዲከፈል ተወሰነ። የመጨረሻውን ነጥብ ስታነቡ ቆም በሉ። ስለ ዲመሬጅ የተናገርኩትን አስታውሱ። የሰው የመጠበቅ ሰዓት ዋጋ ተጻፈለት።

ወሳኙ እርምጃ ግን የመጣው በዓመቱ መጨረሻ ነው። በዲሴምበር 2014 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የኮንቴይነር ማጓጓዣ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ ራሱን የቻለ ኮሚሽነርም ተሾመ። የሕጉ ብልኃት ቀላል ነው። የወደብ ኮንቴይነር ለማመላለስ ኩባንያው ከኮሚሽነሩ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ፈቃዱ ደግሞ የተወሰነውን ዝቅተኛ ክፍያ ከመክፈል ጋር የተሳሰረ ነው። ኮሚሽነሩ የኩባንያውን የክፍያ መዝገብ ይመረምራል፤ የጎደለ ካለ ያስከፍላል፤ ይቀጣል፤ ፈቃዱንም ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ፈቃድ ያጣ ኩባንያ በወደቡ በር አያልፍም። ሹፌሩ ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ሥራውን አስይዞ እንዲከራከር አይጠበቅበትም።

እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎቼ የተገናኙት እዚህ ነው። ፈቃዱ ተመልሶ ኩባንያውን አሰረ፤ ያሰረውም በክፍያ ነው።

የመድኃኒቱ ምሬት

ይህን ታሪክ በድል ማሠሪያ ብዘጋው የታሪክ መምህርነቴን እጥሳለሁ። ሥርዓቱ ዋጋ አስከፍሏል።

አንደኛ፣ ዋጋ መስበር የሚመጣው ለጥቂት ጭነት ብዙ መኪና ሲሻማ ነው በሚል ምክንያት፣ በ2015 መጀመሪያ ፈቃድ ያላቸው መኪኖች ቁጥር ከ2,000 ገደማ ወደ 1,500 ገደማ እንዲወርድ ተደረገ። የቀሩት የተሻለ ሠሩ፤ የወጡት ግን መኪናቸውንና ዕዳውን ይዘው ወጡ። ለአንዱ የተከፈተ በር በሌላው ላይ ተዘግቷል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የተወሰነ ፈቃድ ራሱ ዋጋ ያወጣል፤ ፈቃዱን የያዘ ኩባንያ በሹፌሩ ላይ ሌላ ዓይነት ጉልበት ያገኛል። ሦስተኛ፣ ጊዜን ለማስላት በመኪኖቹ ላይ የሳተላይት መከታተያ መሣሪያ ግዴታ ሆነ። ሹፌሩ መጠበቁን የሚያስመሰክርለት መሣሪያ የት እንደቆመ የሚያሳብቅበትም ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድም ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን ያሳያል። የሎስ አንጀለስ ወደብ በ2008 የንጹሕ መኪና መርሐ ግብሩን ሲጀምር፣ ያረጁ መኪኖችን ከማስወገዱ ጋር ኩባንያዎች ሹፌሮችን ተቀጣሪ እንዲያደርጉ ለማስገደድ ሞክሮ ነበር። ባለመኪናው በድህነቱ አዲስና ንጹሕ መኪና መግዛት አይችልም የሚል አስተውሎት ነበረበት። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 የተቀጣሪነቱን ግዴታ ሻረው። አየሩ ጸዳ፤ የአዲሱ መኪና ዕዳ ግን በብዛት በሹፌሩ ላይ ወደቀ። ደቡብ ኮሪያ ከ2020 ጀምሮ ለኮንቴይነርና ለሲሚንቶ ሹፌሮች «የደኅንነት ዋጋ» የሚባል ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ ወሰነች፤ ሕጉ የተሰጠው ዕድሜ ሦስት ዓመት ብቻ ስለነበር፣ በ2022 ሁለት ታላላቅ አድማዎች ቢካሄዱም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊዜው አበቃ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም።

ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ታሪክም አለ። በፌብሩዋሪ 2012 በሲያትል ወደብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሹፌሮች ሥራ አቆሙ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ ተወላጆች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ በዚያች ከተማ ለጉባኤ ሄጄ ሳለሁ ከአንድ የአገራችን ሹፌር ጋር ቡና ጠጣሁ። ስለ አድማው ስጠይቀው የነገረኝ ስለ ፖለቲካ አልነበረም። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ባለቤት እባላለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ ግን ዕዳው እንጂ ባለቤትነቱ አይታየኝም» አለኝ። አጎቴን አስታወሰኝ። ውቅያኖስ ተሻግሮ ያው ሰልፍ ላይ ቆሟል።

ወደ ራሳችን መንገድ

ኢትዮጵያ ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ወጪና ገቢ ንግዷን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ታካሂዳለች። ባቡሩ ሥራ ቢጀምርም ኮንቴይነሩ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብም ሆነ ወደ መሐል አገር የሚደርሰው በብዛት በተሳቢ ነው። የእኛ ሹፌር ከሲያትሉ የሚለይበት ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ መኪናው የባለንብረቱ ነው፤ ሹፌሩ ተቀጣሪ ነው፤ ገቢው ደመወዝና የጉዞ አበል ተደባልቆ ነው። የሚመሳሰሉበትም ነገር አለ። የፈቃድ ሕጋችን፣ ከአዋጅ ቁጥር 600/2000 እስከ 1074/2010 ዓ.ም. ድረስ፣ ስለ ሹፌሩ ብቃት፣ ዕድሜ፣ ጤናና ቅጣት በዝርዝር ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የቀን ሥራን በ8 ሰዓት፣ የሳምንቱን በ48 ሰዓት ይወስናል፤ የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይን ገና ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ይተዋል። ሁለቱ ሕጎች ግን አይነጋገሩም። አንዱ ስለ መንጃ ፈቃድ ሲናገር ስለ ክፍያ ዝም ይላል፤ ሌላው ስለ ሰዓት ሲናገር በድንበር ኬላ ሦስት ቀን የቆመ ሰው የትኛው ሰዓቱ ሥራ እንደሆነ አይነግረንም።

የቫንኩቨርን ሕግ ገልብጠን እናምጣ እያልኩ አይደለም። እኛ የራሳችን ወደብ በር የለንም፤ የምንቆልፈውም የምንከፍተውም በር የሌላ አገር ነው። ነገር ግን ደረቅ ወደቦቻችን በር አላቸው። የጭነት ስምሪት የሚሰጥ አካል አለን፤ ለትራንስፖርት ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጥና የሚያድስ አካል አለን። ታሪክ የሚያስተምረን ጥያቄውን በየትኛው በር ላይ እንደምናስቀምጠው ነው። የክፍያ ደንብ የሚያስከብረው በር ከሌለው ምክር ሆኖ ይቀራል፤ ፈቃድም የክፍያ ደንብ ከሌለው በሹፌሩ ላይ የተጨመረ ሸክም ይሆናል። ከ1999 እስከ 2014 ቫንኩቨርን 15 ዓመትና ሦስት አድማ ያስከፈላት ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር መማር ነበር።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ትቼ ላብቃ። የአሰብና የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ታሪክ በአብዛኛው አልተጻፈም። የጭነት መዝገቦች በየድርጅቱ መጋዘን አቧራ ለብሰው ይገኛሉ፤ እነርሱ የሚነግሩን ግን ስንት ኩንታል እንደተጫነና መቼ እንደደረሰ ነው። ስንት ሌሊት እንደተጠበቀ የሚያውቁት ሹፌሮቹ ናቸው፤ እነርሱም እያረጁ ነው። አጎቴን ድምፃቸውን ሳልቀዳ ቀበርኳቸው፤ በሙያዬ ከምጸጸትባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እናንተ ግን መቅጃ መሣሪያውን በየኪሳችሁ ይዛችኋል። ሂዱና ጠይቋቸው። ስለ መንዳቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መጠበቁም ጠይቋቸው።